ጢስና ወሰን፤ በየጁ ደጋና ቆላ መካከል ስለ ቃጠሎ የሚነሣው ክርክር ታሪክ

ስለ አገራችን ደን መመንጠርና መቃጠል የጻፉ ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። ዛፉ ስለ መጥፋቱ፥ አፈሩ ስለ መታጠቡ፥ ምንጩም ስለ መድረቁ ብዙ ተብሏል። ከዚያው ቃጠሎ ስለሚወጣው ጢስ ግን፥ ይኸውም ከነደደበት ቦታ ተነሥቶ ወሰን እየተሻገረ የሌላውን ሰው ዓይንና ሳንባ ስለሚያስቸግረው ነገር፥ ታሪክ ጸሐፊዎች እምብዛም አልተናገሩም። ምናልባት ጢስ አላፊና ጠፊ፥ ምልክትም የማይተው ነገር መስሎ ስለሚታይ ይሆናል። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ጢስ ምልክት እንደሚተው፥ በየጁ ምሥራቃዊ ተዳፋት የሚሰማውም የጢስ ክስ በውስጡ የመሬት ክስ እንደ ሆነ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ሲሪንቃን አልፎ የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ትገኛለች። ከከተማዪቱ በስተ ምዕራብ ተራራው ደረጃ በደረጃ ወደ ደጋ ይወጣል፤ በስተ ምሥራቅ ደግሞ ምድሩ እየዘቀጠ፥ የማሽላው ማሳ በግራር ዱር እየተተካ፥ እስከ አፋር ሜዳ ይወርዳል። በበጋ ወራት ከቀትር በኋላ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለተመለከተ ሰው በአድማሱ ላይ ሰማያዊ መሳይ ስስ መጋረጃ ይታየዋል። ከፊሉ አቧራ ነው፤ ከፊሉ ጢስ ነው። ልጅ ሳለሁ ሽማግሌዎች ወደዚያ እያመለከቱ «ቆለኞች እሳት ለቀቁበት» ሲሉ እሰማ ነበር። አንዲት አክስቴም ሳል በያዛቸው ቍጥር ነገሩን ከዚያ ጢስ ጋር ያያይዙት ነበር። የማድ ቤታቸው ግድግዳ ከጥላሸት ብዛት እንደ ቅራሪ ጋን ጠቍሮ መኖሩን ግን ከቤተ ሰቡ ያስተዋለ አልነበረም፤ እኔም አላስተዋልሁም።

ብዙ ዓመት ቆይቶ በጭፍራ ገበያ ከአንድ የአፋር ሽማግሌ የሰማሁት ቃል ይህንኑ ክስ ገልብጦ አሳየኝ። እርሳቸው እንደ ነገሩኝ፥ በማለዳ ሲነሡ አፍንጫቸውን የሚመታው የደጋ ጢስ ነው፤ ደገኛው ገደሉን ሁሉ መንጥሮ፥ ገለባውንና ቍጥቋጦውን አቃጥሎ ያርሳል፤ ጢሱም ሌሊት ሌሊት ወደ ቆላ ይወርዳል። ስለ ቆላው ቃጠሎ ብጠይቃቸው፥ «ከብት አርቢ ሰው ሣሩን አቃጥሎ ከብቱን ምን ሊያበላ ነው?» ብለው መለሱልኝ። አሮጌና ደረቅ ሣር አቃጥሎ ለምለሙን መጠበቅ በብዙ አገር የአርብቶ አደር ልማድ መሆኑን ባውቅም፥ በዚያ ሰዓት ክርክር መግጠም ተገቢ መስሎ አልታየኝም።

ሁለቱም ወገኖች ያዩትን ይናገራሉ። በተራራማ አገር ቀን ቀን ፀሐይ የተራራውን ፊት ስታሞቀው፥ በላዩ ያለው አየር እየሞቀና እየቀለለ ወደ ላይ ይወጣል፤ የቆላውም አየር ተከትሎት ገደሉን ይወጣል። ሌሊት ምድሩ ሲቀዘቅዝ አየሩ ከብዶ እንደ ውኃ በሸለቆው ቍልቍል ይፈስሳል። ስለዚህ ከቀትር በኋላ የቆላው ጢስ ወደ ደጋ፥ ሲነጋጋ ደግሞ የደጋው ጢስ ወደ ቆላ ይደርሳል። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ ቦታ ይለዋወጣሉ ማለት ነው። ይህን ለመረዳት ታላቅ ትምህርት አያስፈልግም፤ የጐደለው የሁለቱን ወገን ቃል በአንድ ወንበር ተቀምጦ የሚሰማ ሰው ነው።

ስለዚህ ጕዳይ እንዳስብ ያነሣሣኝ ግን ጭፍራ ሳይሆን ከአገር ውጭ ያየሁት ነው። በ2008 ዓ. ም. መባቻ፥ ማለት እ. ኤ. አ. በ2015 መስከረምና ጥቅምት፥ ለትምህርት በኳላ ሉምፑር እኖር ነበር። በዚያ ወራት ከሱማትራና ከካሊማንታን የሚነሣው ጢስ ባሕር ተሻግሮ ከተማውን ሸፈነው። ማሌዎች «ጄረቡ» ይሉታል። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ፀሐይም በቀትር እንደ መዳብ ሳሕን ቀልታ ትታይ ነበር። የሚቃጠለው ደኑ ብቻ አልነበረም፤ ከሥሩ ያለው፥ ለብዙ ሺህ ዓመት የዕፀዋት ብስባሽ የተከማቸበት ረግረግ መሬት ቦዩ ተቈፍሮ ውኃው ሲጠፈጠፍ፥ አፈሩ ራሱ እንደ ከሰል እየጋየ ለሳምንታት ይጤሳል። የሰዉ ምሬት ብርቱ ነበር፤ በየሻይ ቤቱ የሚሰማው ሁሉ በጎረቤት አገር ላይ የሚነገር ወቀሳ ነበረ። ከዚያ በፊት እ. ኤ. አ. በ1997 ከባድ ጢስ ስለ ደረሰባቸው፥ የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ማኅበር አባሎች በ2002 እዚያው ኳላ ሉምፑር ላይ ወሰን ተሻጋሪ ጢስን ስለ መከላከል ውል ተፈራርመው ነበር። ዋናዋ ባለጕዳይ ኢንዶኔዥያ ውሉን ያጸደቀችው ግን በ2014 ነው፤ በማግሥቱ ዓመት ያየሁት ጢስ መጣ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ፥ በኢንዶኔዥያ ምድር የዘንባባ ዘይት ተክል ካላቸው ኩባንያዎች መካከል የማሌዢያና የሲንጋፖር ባለሀብቶች መኖራቸው ነው። ጢሱን የሚረግመው ከተማ ከጢሱ ትርፍ ተካፋይ ነበረ።

ወደ ወሎ ስመለስ በመጀመሪያ የጠየቅሁት፥ በዚህ አገር እሳቱ ከመቼ ጀምሮ ይነዳል የሚለውን ነው። ለዚህ ጥያቄ ከማንኛውም ዜና መዋዕል የቀደመ ምስክር አለ፤ እርሱም ከመርሳ በስተ ደቡብ በደሴ መንገድ የሚገኘው የሐይቅ ባሕርና ጎረቤቱ ሐርዲቦ ነው። በሐይቅ ግርጌ የሚተኛው ጭቃ በየዓመቱ እየተደራረበ ሲከማች፥ ከዙሪያው ተራራ በነፋስ የመጣውን የአበባ ብናኝና ከቃጠሎ የተነሣውን ደቃቅ የከሰል ቅንጣት በውስጡ ይዞ ያስቀራል። ጭቃውን በረጅም ቧንቧ አውጥቶ፥ የየንብርብሩን ዕድሜ በራዲዮካርቦን ለክቶ፥ ቅንጣቱን በማይክሮስኮፕ መቍጠር ይቻላል። ኢያን ዳርቢሻየር፥ ሄንሪ ላምብና የአገራችን ሊቅ መሐመድ ዑመር ይህን ሠርተው ውጤቱን እ. ኤ. አ. በ2003 አሳትመዋል።

ያገኙት ነገር ብዙዎቻችን ከተማርነው ታሪክ ጋር አይገጥምም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ዓመት ገደማ በዙሪያው የነበረው የዝግባና የጽድ ደን በሰው እጅ መጥፋት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ለ1,800 ዓመት ያህል አገሩ የክትክታ ቍጥቋጦና የሣር ምድር ሆኖ ይኖራል። ቀጥሎ ከ1400 እስከ 1700 እ. ኤ. አ. ባለው ጊዜ ደኑ ይመለሳል፤ ጽዱ ከወይራ ጋር ሆኖ እንደ ገና ይሰፋል። ባለፉት 300 ዓመታት ደግሞ ምንጣሮውና የአፈሩ መታጠብ ይበረታል። ጥናቱን የሠሩት ሰዎች ለደኑ መመለስ የሕዝብ መቀነስንና የዝናብ መብዛትን እንደ ምክንያት ይገምታሉ። የሕዝቡ መቀነስ ሲነገር ብዙ አንባቢ ወዲያው የኢማም አሕመድን ጦርነት ያስባል፤ ነገር ግን ደኑ መመለስ የጀመረው ጦርነቱ ወሎን ከመንካቱ ከ100 ዓመት በፊት ስለ ሆነ፥ ጦርነቱ ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም። በሐይቁ ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት ተመሥርቶ ስለ ነበር ደኑን ያስመለሰው የመነኮሳቱ ጥበቃ ነው የሚልም አይጠፋም። ይህ ደስ የሚያሰኝ አሳብ ነው፤ ከጭቃው ግን አይነበብም።

ከዚህ ሁሉ ለእኛ ጕዳይ የሚጠቅመው አንድ ነገር አለ። በሐይቁ ጭቃ ውስጥ የተገኘው ደቃቅ ከሰል ከጢስ ጋር ረጅም መንገድ የመጓዝ ጠባይ ስላለው፥ ከቅርቡ ማሳም ከሩቁ ዱርም ሊመጣ ይችላል። ሐይቁ እሳት መኖሩን ይመሰክራል፤ የማን እሳት እንደ ሆነ ግን አይናገርም። ደገኛና ቆለኛ ለሺህ ዓመታት ያነደዱት ባንድ መዝገብ ተደባልቆ ተቀምጧል።

በ20ኛው መቶ ዓመት ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ከ100 ዓመት በፊት ከአገራችን ምድር 40 በመቶው ደን ነበረ የሚለው ቃል በየጉባኤው ሲደጋገም ኖሯል፤ ጄምስ መካንን የመሰሉ የታሪክ ሊቃውንት ምንጩን ቢፈልጉት ጽኑ መሠረት አላገኙለትም። ስለ ወሎ በተለይ እ. ኤ. አ. በ1998 የዶናልድ ክራሚ፥ የደሳለኝ ራሕመቶና የባሕሩ ዘውዴ ጽሑፎች በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ወጥተዋል። ክራሚ በጣልያን ወረራ ዘመን የተነሡ የወሎ ፎቶግራፎችን ይዞ፥ 60 ዓመት ያህል ቆይቶ በዚያው ሥፍራ እየቆመ አዳዲስ ፎቶግራፎችን አነሣ። በብዙው ሥፍራ ዛፉ በዝቶ እንጂ አንሶ አላገኘውም፤ አብዛኛው ግን ገበሬው በገዛ እጁ የተከለው ባሕር ዛፍ ነው። በእርግጥ ባሕር ዛፍ ጽድንና ዝግባን አይተካም፤ ይህን ሳይለዩ የክራሚን ጽሑፍ እንደ ደስታ ወሬ የሚጠቅሱ ሰዎች ያሳዝኑኛል። የሆነ ሆኖ ጥናቱ ገበሬው ዛፍ ጠላት፥ እሳት ወዳድ ነው የሚለውን ፍርድ አናግቶታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በሕዝባችን ዘንድ ጢስ ጥፋት ሆኖ አያውቅም፤ ይልቁንም የመኖርና የባለቤትነት ምልክት ነው። ጭሰኛ የሚለው ስም ራሱ ከጭስ የተገኘ ነው፤ በሌላው ሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ፥ ምድጃ ጐልቶ ጢስ የሚያስወጣ ማለት ነው። ቤት የሚቈጠረው በጢሱ ነበረ። በሰሜኑ የርስት ሥርዓት ደግሞ መሬት የሚጠየቀው በአቅኚው አባት ስም ነው፤ አቅኚ የተባለውም ዱሩን መንጥሮ ምድሩን ለእርሻ ያደረሰ ሰው ነው፤ የምንጣሮውም ፍጻሜ እሳት ነው። እንግዲህ በዱሩ ላይ የሚታየው የመጀመሪያ ጢስ «ይህ መሬት ሰው ይዞታል» የሚል አዋጅ ያህል ነበር። ከመርሳ ወደ ምሥራቅ እያመለከቱ የሚቈጡት ሽማግሌዎችም፥ በጭፍራ ያገኘኋቸውም ሰው፥ ዓይናቸውን ያቃጠላቸው ጢሱ ብቻ አልነበረም። ሁለቱም በጢሱ ውስጥ ያዩት የሌላውን ወገን ማረሻና መንጋ ወደ እነርሱ ሲቀርብ ነው።

በሃይማኖትና በቤት ውስጥ ልማድም ቢሆን ጢስ የተከበረ ነው። በትውፊታችን ንግሥት እሌኒ መስቀሉ የተቀበረበትን ቦታ ያወቀችው ጢሱ ሰግዶ ስለ መራት ነው፤ ደመራውም በየዓመቱ መስከረም 16 ቀን የሚበራው ለዚሁ መታሰቢያ ነው። የግማደ መስቀሉ ማረፊያ የሚባለው ግሸንም ከሐብሩ በስተ ደቡብ በአምባሰል ነው። በእስላሙም በክርስቲያኑም ቤት ዕጣን ሳይጤስ ቡና አይጠጣም፤ የወተቱ ዕቃ በወይራ ጢስ ይታጠናል፤ ሴቶች ወይባ ይሞቃሉ። ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሕዝብ ጢስን በጥቅሉ እንደ መርዝ እንዲቈጥር የሚሰብክ ሰው ቢመጣ ሰሚ አያገኝም። እውነቱ ግን አክስቴን ያሳላቸው ጢስ ወሰን የተሻገረው እንዳልነበረ አሁን ይታወቃል። የዓለም የጤና ድርጅት እ. ኤ. አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት የሞተውን ሰው በዓለም ሁሉ 3.2 ሚሊዮን ያህል አድርጎ ገምቶታል።

ሕጉስ ምን ይላል? በኦሪት ዘፀአት፥ እሳት ያነደደ ሰው እሳቱ እሾኽ ይዞ የሌላውን ነዶ ቢያቃጥል እንዲክስ ታዟል። በየጁም አምልጦ የሄደ እሳት ያጠፋውን ሽማግሌ ገምቶ ማስካስ የቈየ ሥርዓት ነው። አምልጦ ስለ ሄደ ጢስ ግን ኦሪትም ሽማግሌም ዝም ይላሉ። በአገራችን ጢስ በስሙ ተጠርቶ በሕግ የተከለከለበት አንቀጽ ካየኋቸው ውስጥ ግልጽ የሆነው በ1952 ዓ. ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ 1225ኛ ቍጥር ነው። ባለንብረት በጎረቤቱ ላይ ከመልካም ጕርብትና ልክ ያለፈ ጢስ፥ ጥላሸት፥ መጥፎ ሽታ፥ ጩኸትና መነቃነቅ እንዳያደርስ ያዝዛል፤ ልኩም በአገሩ ልማድና በመሬቱ አቀማመጥ እንዲታይ ይደነግጋል። ይህ ብልህ አንቀጽ ነው። ነገር ግን የተጻፈው አጥር ለአጥር ለሚዋሰኑ ሁለት ባለንብረቶች ነው። በግራር ዱርና በግጦሽ ሜዳ ላይ፥ መሬቱ የማንም በግል ያልሆነበት፥ እሳቱን የለኰሰው በማይታወቅበት ሥፍራ ተከሳሽ አይገኝም።

ከዚያ በኋላ እ. ኤ. አ. በ1965 የመንግሥትን፥ የግልንና የጥበቃ ደኖችን የሚመለከቱ ሦስት አዋጆች በተከታታይ ወጡ፤ በ2002ም የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 300 ተጨመረ። በውጭው ዓለም ደግሞ ከካናዳው የትሬይል ማቅለጫ ተነሥቶ የዋሽንግተን ግዛት ገበሬዎችን እርሻ ስለ ጐዳው ጢስ በ1941 የተሰጠው የግልግል ፍርድ፥ መንግሥት ግዛቱን ጎረቤቱን በጢስ በሚጐዳ አኳኋን እንዲሠራበት ሊፈቅድ አይገባውም የሚለውን መሠረት ጥሏል። ያ ፍርድ የተገኘው ግን ጢሱ ከአንድ የታወቀ ጭስ ማውጫ ስለ ወጣና ባለቤቱም ስለ ታወቀ ነው። የቆላና የደጋ ጢስ ጭስ ማውጫ የለውም።

ከሕጉ ይልቅ ነገሩን ያከረረው የአስተዳደር ወሰን ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የየጁም የአውሳም አውራጃ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበሩ። ያን ጊዜ ጢሱ ከአንድ ጠቅላይ ግዛት ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄድ ነበር እንጂ ወሰን ተሻጋሪ የሚባል አልነበረም፤ አቤቱታም ቢነሣ የመጨረሻው ሰሚ ደሴ ነበረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛ የሚለው ስም ከሕግ ወጣ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ. ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ የተራራው ግርጌ የሁለት ክልሎች ወሰን ሆነ። ጢሱ የነበረው ነው፤ ወሰኑ ነው ወደ ጢሱ የመጣው። ከዚያ ወዲህ «አንድ ሰው አነደደ» መባሉ እየቀረ «እነርሱ አነደዱ» መባል በዛ። የክሱ ባለቤት ሕዝብ ከሆነ ዘንድ ሽማግሌው የሚያስክሰው ሰው አያገኝም፤ ሕዝብ ካሣ አይቈርጥም።

ቃጠሎ የሕዝብን ስሜት ምን ያህል እንደሚያነሣሣ በሌላ አውራጃ ታይቷል። በ1992 ዓ. ም. በጋ በባሌና በቦረና ደን ላይ ከባድ ቃጠሎ በደረሰ ጊዜ፥ የኦሮሚያ ተማሪዎች መንግሥት ፈጥኖ አልደረሰም ብለው ሰልፍ ወጡ፤ ከደቡብ አፍሪካና ከሌሎችም አገሮች እሳት አጥፊዎች መጡ። በ2011 ዓ. ም. የስሜን ተራራ ሲቃጠል ደግሞ እስራኤል ባለሙያዎችን፥ ኬንያ ሄሊኮፕተር ላኩ። ሁለቱም ጊዜ የተለቀሰው ለዛፉና ለዋልያው ነበር፤ ይህም ይገባል። ከነፋሱ በታች ስለ ነበረው ባላገር የጻፈ ግን አላጋጠመኝም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ባለፈው በጋ በመርሳ ገበያ የከሰል ጆንያ ከሚሸጡት መካከል ቆሜ ዕቃው ከወዴት እንደ መጣ ጠየቅሁ። ከፊሉ ከቅርብ ባሕር ዛፍ የከሰለ ነው፤ የተወደደው ግን የግራር ከሰል ስለ ሆነ ከታች ከቆላ ይመጣል፤ እሳቱ እንደሚቈይ፥ ለቡናም እንደሚመረጥ ሻጩ እያመሰገነ ነገረኝ። ከሰል የሚከስለው እንጨቱን ቈልሎ፥ በሣርና በአፈር ሸፍኖ፥ ትንፋሽ አሳጥቶ ለቀናት በማጤስ ነው፤ ከተራ እሳት ይልቅ ብዙ ጢስ ያለው ለዚህ ነው። ከኳላ ሉምፑር የመጣሁበት ነገር እዚያው ጆንያው አጠገብ ቆሞ ጠበቀኝ። ጆንያዎቹ ረፋዱ ላይ በአይሱዙ ተጭነው ገደሉን ይወጣሉ። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲዞር ጢሱም በዚያው መንገድ ይወጣል፤ በየበረንዳው የተቀመጡት ሰዎች ቡናቸውን እየጠጡ ወደ ምሥራቅ ያመለክታሉ።